ዘበኛውን አንስቼዋለሁ

ውድ ወንድምዓለም፣

ይህ ደብዳቤ በእጅ የተጻፈ መሆኑን ስታይ «ፊውዝ ስልኳን ተሰረቀች እንዴ?» ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። አልተሰረቅኩም። ስደውልልህ አይተህ ዝም ስለምትል ብቻም አይደለም። በእጄ የጻፍኩበት ምክንያት አለኝ፤ እሱን ወደ መጨረሻው እነግርሃለሁ። እስከዚያው ፊደሌ ሲወላገድ ካየህ ታገሰኝ፤ እየፈራሁ ነው የምጽፈው። የእኔን ፈሪነት ደግሞ ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስፈታና ስበይድ የምውል ሰው ሆኜ፣ ግድግዳ ላይ ሶኬት ስሰካ ዛሬም ፊቴን ዞር አደርጋለሁ። «ፈሪ ለእናቱ» እያልክ ስትስቅብኝ ኖረሃል፤ ይኸው ለእናቴ ቀርቼላታለሁ።

እማዬ ደህና ናት። አንተ ያረፍክባት አክስታችን ደውላልን ነበር። «ይበላል፣ ይተኛል፣ ከማንም ጋር አይጣላም» አለችን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብቻ ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም» አለች። እማዬ «እዚያ ብርድ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። «ኧረ የምን ብርድ! በሙቀት አለቅን እንጂ!» እማዬ ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ገባች። እኔም ወደ ሱቄ ሄድኩ። ዝም በማለት ቤታችንን የሚያህል የለም።

አንተ በሄድክ ማግስት ቀጥቃጩ እየሮጠ ወደ ሱቄ መጣ። ከበሮ እየመታ ሰፈሩን ያስመረረው ያ ግዙፍ ጓደኛህ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ፊውዝ፣ ተሰርቀናል!» አለኝ። ስልኩን ለማሠራት የመጣውን ሰውዬ ጥዬ ወጣሁ። አናጢው ሥር ወዳለው ምድር ቤታችሁ ስንደርስ ግን የተሰረቀ ነገር አልነበረም። የጊታርህ የድምፅ ዕቃዎች የሚደረደሩበትን ራክ ራስህ አፈራርሰኸው ነበር። ባዶውን የብረት ሳጥን ግድግዳው ጋ አስጠግተህ፣ ከውስጡ የነቀልካቸውን ዕቃዎች በብርድ ልብስ ላይ ደርድረህ፣ ኬብሎቹን ጠቅልለህ አስረህ፣ ብሎኖቹን በባዶ የቀለም ጣሳ ሰብስበህ። በጊታሩ ሳጥን ላይ ደግሞ በነጭ ፕላስተር «ለፊውዝ» ብለህ ጽፈህበታል። ቀጥቃጩ እፎይ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን ክው አልኩ። ሌባ እንዲህ አድርጎ ኬብል አይጠቀልልም። እንዲህ የሚጠቀልለው ተመልሼ አልመጣም ያለ ሰው ነው።

ከዚያ የባንዱ ልጆች ተተኪ አገኙልህ። አትቀየማቸው፤ የሙዚቃ ዝግጅቱ ተቃርቧል፣ አንተም ለማንም ምንም አላልክም። ቀጥቃጩ ሊነግረኝ ሲመጣ ዓይኔን ማየት አልቻለም ነበር። «አንቺ ካልሆንሽ ያንን ራክ የሚተክለው የለም» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለእነሱ ብዬ አይደለም። እኔ የማላውቀው ሰው ራኩን እንዳይነካው ብዬ ነው።

አንተው ያስተማርከኝን መልሼ ልንገርህና ከተሳሳትኩ አርመኝ። ከባዱ ከታች። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁን የሚያጎላውን ፓወር አምፕ አነሳሁት፤ ወገቤን ሊቆርጠው ነበር። ከሱ በላይ አንድ ቦታ ክፍት ተውኩ፣ ሙቀቱ እንዲወጣ። ቀጥሎ የኢፌክቱን ዕቃ፣ ቀጥሎ ድምፁን እንደ መጋዝ የሚያሾለውን ፕሪአምፕ፣ ቀጥሎ አንተ ዘበኛ ያልከውን ዕቃ፣ ከዚያ የክሩን ቅኝት የሚለካውን ቱነር፣ ከሁሉም በላይ መብራት የሚያከፋፍለውን። የመብራት ገመድ በግራ፣ የድምፅ ገመድ በቀኝ። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ ተሻግረው ይለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይተኙ። ሲከፈት ከላይ ተጀምሮ ፓወር አምፑ መጨረሻ፤ ሲዘጋ ፓወር አምፑ መጀመሪያ። ደግሞም ስፒከሩ ሳይሰካ ፓወር አምፕ አይከፈትም። ለምን ብዬ ስጠይቅህ «ድምፁ መውጫ ካጣ ዕቃውን ራሱን ያቃጥለዋል» ብለኸኝ ነበር። እኔ ፈሪዋ የስፒከሩን ገመድ ሦስቴ ተመልሼ ነካሁት፤ ተሰክቷል፣ ተሰክቷል፣ ተሰክቷል።

ተተኪው መጣ። ቁመቱ ረጅም፣ ወሬው አጭር የሆነ ልጅ ነው። ጊታሩን ሰክቶ ጀመረ። ኃይለኛውን ክፍል ሲመታ ምድር ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከጣሪያው የአናጢው ሰጋቱራ ረገፈብን። ቀጥቃጩ ሳይወድ በግዱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ልጁ ቀስ ወዳለው ክፍል ገባ፤ አንዷን ክር ነክቶ ድምፅዋ እየሳሳ እንዲያልቅ ተዋት። አላለቀችም። መሃል ላይ ቁርጥ አለች። ደግሞ ነካት፣ ደግሞ ቁርጥ አለች። ጎንበስ ብሎ ራኩን አየና ዘበኛው ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ይሄን በር ማነው እንዲህ የጠረቀመው? ድምፁን አንገቱ ላይ እኮ ነው የሚቆርጠው!»

«ወንድሜ እንደዚያ ነው የሚወደው» አልኩ።

«በሄቪ ሜታል ጩኸት ለመደበቅ ነው እንጂ ለመጫወት እንዲህ አይዘጋም» አለና ሳቀ። «ወንድምሽ የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው።»

ቀልዱን ነው። ቀጥቃጩም ሳቀ። እኔ ግን ስፒከሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ጥቂት ሞካክሮ «ይሄ የሰው ጫማ ነው፣ አይሆነኝም። የራሴን ዕቃ አመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እኔም ከዘበኛው ጋር ፊት ለፊት ቀረሁ።

ዘበኛ ያልከው አንተ ነህ። እንደናንተ የሚጮህ ጊታር እጅ ባይነካውም ዝም አይልም፣ ያጉረመርማል፤ ያ ዕቃ ደግሞ መሃል ገብቶ ከልክ በታች የሆነውን ድምፅ በር ይዘጋበታል፣ ክሩ በኃይል ሲመታ ይከፍታል። «ለጌታ ከፍቶ ለድሃ የሚዘጋ፣ ዘበኛ ማለት ይሄ ነው» ብለህ ስም አወጣህለት፤ ያን ቀን ስንት ሳቅን።

ዘበኛውን ጠበቅ እንዳደርግልህ መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ምንም አልመሰለኝም። «የሆነ ጩኸት አለ» አልክ፤ አጠበቅኩት። ጩኸት ማለት የእኔ ሥራ ነው። ጩኸት ካለ የሆነ ቦታ የላላ ብየዳ አለ፤ ስለዚህ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። በሚቀጥለው ልምምድ «ትንሽ ጨምሪበት» አልክ። ገመዶቹን አራራቅኩ። እንደገና «ጨምሪበት»። አናጢው መጋዙን ሲያስነሳ መብራቱ ስለሚዋዥቅ ጥፋቱን በሱ ላይ ጣልኩት፤ ደረጃውን ወጥቼም ተጣላሁት። ምስኪን፣ መጋዙን አጥፍቶ እጁን አጣምሮ ጠበቀን። መጋዙ ጠፍቶም አንተ «አሁንም አለ» አልክ። «ኧረ እኔ ምንም አይሰማኝም!» ስልህ «እኔ ይሰማኛል» ብለህ ፊትህን አዞርክ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እልህ ያዘኝ። ከራኩ ጀርባ ተንበርክኬ የጆሮ ማዳመጫዬን ከዘበኛው በፊት ባለው መስመር ላይ ሰካሁ፤ ድምፁ በሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ምን እንደሚመስል ልሰማ። ዘፈኑን ጨረሳችሁ፣ ምድር ቤቱ ጸጥ አለ። በእኔ ጆሮ ውስጥ ግን ጸጥታ አልነበረም። ትር፣ ትር፣ ትር፣ ትር ይላል። አይቸኩልም፣ አይቆምም። የላላውን ብየዳ አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ታምናለህ? ካቻቢቴዬን ይዤ ልነግርህ ቀና ስል ቀኝ እጅህ ክሮቹ ላይ አርፏል። አውራ ጣትህና ሌባ ጣትህ የክር መምቻዋን ፒክ እንደያዙ ይመላለሳሉ፣ ጨው የሚነሰንሱ ይመስል። ቀጥቃጩ ቆጥሮ ሲጀምር እጅህ ተነሳ፣ ትርትሩ ቆመ፤ ያንን አስቸጋሪ ፈጣን ክፍል አንዲት ስህተት ሳትሠራ ተጫወትከው።

ካቻቢቴውን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ምን ልበልህ? «ወንድምዓለም፣ የላላው አንተ ነህ» ልበልህ? ጩኸት ያልከው ምን እንደነበረ ገባኝ፣ አንተም እንደገባኝ ያወቅክ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ጨምሪበት ማለት ትተህ ራስህ መጨመር ጀመርክ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባን ማሰብ ማቆም አቃተኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንተ ትልቅ ስለሆንክ ከእኔ በላይ ታስታውሳለህ። አባባ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ማጅራት በልቡ የሚያውቅ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ምላጩን ትቶ ጢሙንም ፀጉሩንም በማሽን ብቻ መሥራት ሲጀምር «ዘመናዊ ሆነ» አሉት እንጂ ምክንያቱን የጠየቀው አልነበረም። ማሽኑ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ እጁ ከማሽኑ አይለይም ነበር። ደንበኛ ኖረም አልኖረም ሲያስጮኸው ይውላል፤ የቤት ሥራችንን የሠራነው በዚያ ድምፅ ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ «ማጅራቴን በምላጭ ካልሆነ አልነሳም» ብለው ድርቅ አሉ። አባባ እምቢ ማለት አፈረ። ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ስናይ ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን ነበር፤ አንተ ዓይኔን በእጅህ ሸፈንክልኝ። ሽማግሌው «ምንም አይደል» ብለዋል። አባባ ግን ፀጉር ቤቱን በዚያው ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት ብርጭቆ አላነሳም። ወረቀት ሲመጣ «ፈርሚልኝ» ይለኛል። አንድም ቀን ሐኪም አላየውም። የሞተው በልቡ ነው፤ እጁ አልገደለውም። እስኪሞት ድረስ ከቤት ያላወጣው ግን እጁ ነው።

አንተ የሸሸኸው ከዚህ መሆኑን አውቃለሁ። በመጨረሻው ልምምድ ቀጥቃጩ ሳያስበው «እጅህ ምን ሆኗል፣ በረደህ እንዴ?» ሲልህ ፊትህን አይቼዋለሁ። የአባባን ፊት ነው ያየሁት። እኔም በዚያች ደቂቃ የራሴን እጅ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ለምን እንዳደረግኩት ያወቅኩት በኋላ ነው። የአባባ ልጅ አንተ ብቻ አይደለህማ! ሱቅ ስገባ ስልክ ከመክፈቴ በፊት እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ። የፀጉር ያህል ቀጭን ሽቦ ስበይድ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ አይንቀጠቀጥም። ሲንቀጠቀጥ በሽታ ነው እላለሁ፤ ሳይንቀጠቀጥ ደግሞ ነገ ይጀምረኛል እላለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ተተኪው ዕቃህን አልፈልግም ካለ በኋላ ቀጥቃጩ ቦታ እንዲለቀቅለት ጠየቀኝ። ራኩን በጋሪ ገፍተን ወደ ቤት አመጣነው። አባባ ፀጉር ይሠራበት ከነበረው ክፍል በቀር የሚበቃው ቦታ አልነበረንም። ታውቀዋለህ፣ መስታወቱ እንዳለ ነው፣ የሚሽከረከረው ወንበርም እንዳለ ነው። ቀጥቃጩ ሲሄድ እኔ ራኩን መስታወቱ ፊት አቁሜ ገመዶቹን መልሼ ሰካሁ። እማዬ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ከመጣብኝ በኋላ አልለቀቀኝም። ይህ ዕቃ ያንተን እጅ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሰምቷል። የእኔንም ይሰማዋል።

የዘበኛውን ማዞሪያ ወደ ግራ አዞርኩት፤ እስከ መጨረሻው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከላይ ጀምሬ አበራሁ፤ ስፒከሩን ነካሁት፣ ተሰክቷል፤ ፊቴን ዞር አድርጌ ፓወር አምፑን ከፈትኩ።

ዝዝዝዝ አለ።

ወንድምዓለም፣ የአባባ ማሽን ነው! ቁርጥ እሱን። ያ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ፣ ያው ውፍረት፣ ያው ክፍል፣ ያው መስታወት። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ በሩ ተከፈተና እማዬ አረፋ በአረፋ በሆነ እጇ ቆማ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የአባትሽን ማሽን ማን ከፈተው?»

«ማሽን አይደለም እማዬ፣ የወንድሜ ዕቃ ነው።»

አላመነችኝም። ገብታ ራኩን ዞረችው፣ ከዚያ የአባባ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዚያ ወንበር ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። «አትዝጊው» አለችኝ። «እስቲ ልስማው።»

ጊታሩን አነገትኩ። መጫወት ስለምችል አይደለም፤ እጄን ክሮቹ ላይ አሳርፌ ዝም ለማለት ብቻ ነው። በመስታወቱ ውስጥ እጄን እያየሁ አሳረፍኩት። ትር አለ። ትንሽ ቆይቶ ትር፣ ትር። «እማዬ» አልኩ፣ «የኔም ነው። ሰማሽው? የኔም እንደሱ ነው። እንደ አባባ ነው።» ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ያንተን፣ የዘበኛውን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ ለምን እንደሄድክ። እንባዬ ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱም በስፒከሩ ይሰማል። በኋላ ሳስበው ያስቃል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

እማዬ ሳታቋርጠኝ ሰማችና «የልጄን እጅ የማላይ መስሎሽ ነው?» አለች። «ገበታ ላይ አየዋለሁ። እጁ ሲያርፍ ይጀምረዋል፣ ማንኪያ ሲያነሳ ይተወዋል። ዝም ያልኩት አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ!»

«እሱም እኛ እንዳንሰማ ብሎ» አለች። «እንግዲህ ማን ሊሰማ ኖሯል?» ቀጥላም እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፍልህ። «ደግሞ እንደ አባቱ ነው አትበይ። የአባትሽ እንዲህ አልነበረም። የአባትሽ እጅ ጉልበቱ ላይ ሲያርፍ ጸጥ ያለ ነው፤ ምላጭ ሲያነሳ፣ ብርጭቆ ሲያነሳ ነው የሚነሳበት። አጠገቡ የተኛሁት እኔ ነኝ። የወንድምሽ ተቃራኒው ነው።»

ልጅ ሆነን የአባባን እጅ ያየነው ሲሠራ ብቻ ነው። ሲያርፍ ያየችው እሷ ናት። እኛ አንድ ቀን ደም አይተን የቀረውን በፍርሃታችን ሞላነው፤ አንተም የአባባ ነው ብለህ በራስህ ላይ ፈርደህ ተሰደድክ። አለመሆኑ ግን ይሻል ይሁን ይክፋ አላውቅም። ስሙን የማናውቀው ነገር ነው፣ የአባባ እንኳን ስም አልነበረውም።

«የኔስ?» አልኳት።

ተነሳችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ክሮቹ ላይ አሳረፈች። ትር አለ። ትር፣ ትር። ደንግጣ አነሳችው፣ ደግማ አሳረፈችው፣ ያው ነው። «ይኸው የኔም ይላል!» አለች። «ይሄ ዕቃ የማያጋልጠው ሰው የለም እንዴ?» የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዘበኛው በሩን ሲከፍት ያ ራክ የማንንም እጅ ጸጥ ያለ አድርጎ አያሰማም፤ የደም ሥር ምት እንኳን ያጎላል። ስለዚህ ፈተናዬ ከንቱ ነበር። ስለ እኔ ምንም አልነገረኝም። ያንተ ግን በዓይን የሚታይ ነው፤ ልዋሽህ አልፈልግም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችኝ እማዬ ስትወጣ። «አባትሽን ስለምነው ኖሬ አልሰማኝም። ይሄኛውን አልለምንም፣ ይዤው እሄዳለሁ።»

በነጋታው ብቻዬን ሐኪም ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለቴ ተመልሻለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አልተቻኮለችብኝም። እጄን አየችው፤ «ለጊዜው ፍርሃት ነው የማየው፣ ግን እንከታተለዋለን» አለችኝ። ስላንተ ስነግራት ፊቷ ኮስተር አለ። ሳታይህ ምንም እንደማትል ነገረችኝ። ቀላል የሆነም አለ፣ በመድኃኒት የሚያርፍም አለ፣ ዕድሜ ልክ አብረውት የሚኖሩትም አለ አለች። «ያም ሆነ ይህ እጁ ዛሬ ይሠራል፤ ስለዚህ የምንሠራው ዛሬ ነው» አለች። ከዚያ «የድሮ ጽሑፍ አለሽ? የእጁን?» ብላ ጠየቀችኝ። ሲመጣ አዲስም እናስጽፈዋለን፣ ሁለቱን አስተያይተን ፊደሉ እያነሰ ሄዶ እንደሆነ እናያለን አለችኝ።

የድሮውን ከራኩ ላይ ነው ያገኘሁት። በየኬብሉ ጫፍ በነጭ ፕላስተር የለጠፍካቸውን። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ልክ እንደ ሳቅህ፤ «ፓወር አምፕ፣ መጨረሻ!» ከነቃለ አጋኖው። የዘበኛው ኬብል ላይ ያለው የቅርብ ጊዜው ነው። ፊደሎቹ ጥቃቅን ሆነው አንድ ጥግ ተፋፍገዋል። ፕላስተሩ ጠቦህ ነው ብዬ ነበር። አልጠበበህም፤ ግማሹ ባዶ ነው።

እንግዲህ በእጄ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ያንተን እጅ አሳየኝ ከማለቴ በፊት የእኔን ላሳይህ ብዬ ነው። የተበላሸውን አልሰረዝኩም፣ ወደ አዲስ ወረቀት አልገለበጥኩም። የአባባን ፊርማ ስጽፍ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ያንተን አልፈርምልህም። ኤንቬሎፑ ውስጥ ባዶ ወረቀት አለ። የፈለግከውን ጻፍበት። «ፊውዝ፣ አንቺ ጅል» ብለህም ቢሆን። ብቻ በቀኝ እጅህ ይሁን፣ ተቀምጠህ ይሁን፣ ከዚያ ለፖስታ ሳትሰጠው ራስህ ይዘኸው ና። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ለሁለታችን ነው የያዝኩት፣ ብቻዬን ሁለት ጊዜ ከበሩ የምመለስ ሰው መሆኔን አትርሳ።

ለቀጥቃጩ ምንም አልነገርኩትም፤ የምትነግረው አንተ ነህ። እሱ ግን ተተኪውን አልወደደውም። «ልጁ አይሳሳትም፣ ምኑ ደስ ይላል?» አለኝና ዝግጅቱን አራዘሙት።

ራኩ አባባ ክፍል ውስጥ ተተክሏል። ገመዱ ሁሉ በቦታው ነው፣ ስፒከሩም ተሰክቷል። ዘበኛውን ግን ብሎኖቹን ፈትቼ አንስቼዋለሁ። ቦታው ባዶ ነው፣ አልሸፈንኩትም። ስትመጣ ሳናጠብቅ፣ ሳንዘጋ፣ አንድ ቀን እንድትጫወትልን እፈልጋለሁ። በዘፈኖቹ መሃል የሚሰማው ይሰማ። እኔ እፈራለሁ፣ አንተም ፍራ፤ ግን እዚህ ሆነህ ፍራ። ድምፁ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያቃጥላል ያልከኝ አንተው ነህ።

እጇ ከፍርሃት ይሁን ከሌላ ገና ያልለየላት፣
እህትህ ፊውዝ

እማዬ ካልጻፍኩበት ብላ ብዕሩን ነጥቃኛለች። ከዚህ በታች ያለው ጠማማው የእሷ ነው።

ልጄ፣ ምንም አትያዝ። ባዶ እጅህን ና። ብቻ ከኪስህ አውጥተኸው ና።